ጨዋታና ትጋት

የሰው ልጅ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከሁለት ምንጭ ይነሣል። አንዱን የሚሠራው ታዝዞ ወይም ቸግሮት ነው፤ ሁለተኛውን የሚሠራው ግን ማንም ሳያዝዘው ልቡ ወዶት ነው። ታዝዞ የሚሠራ ሰው አዛዡ ፊቱን ባዞረ ጊዜ መሣሪያውን ያስቀምጣል፤ ወዶ የሚሠራ ግን ፀሐይ ጠልቃ ጨለማ ቢሆን እንኳ ሥራውን ትቶ መነሣት ያሳዝነዋል። አገር የምትለማውም፣ ትምህርት የሚስፋፋውም ይልቁን በሁለተኛው ዓይነት ትጋት ስለ ሆነ፣ ይህ ትጋት ከወዴት እንደሚነሣና በምን እንደሚጠፋ መመርመር ለአስተዳዳሪም ለመምህርም የሚገባ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመቱ ከተማ፣ እንዲሁም በጎሬ፣ በያዮ፣ በኡካና በቀሩት የኢሉባቦር ከተሞች ማታ ማታ በየቤቱ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ብላቴና ከትምህርት ቤት የተሰጠውን የሒሳብ ጥያቄ ሊሠራ ይቀመጥና ገና ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያዛጋል። ያው ብላቴና የታላቅ ወንድሙን ስልክ ባገኘ ጊዜ ግን በውስጡ ያለውን ጨዋታ ሃያ ጊዜ ተሸንፎ ሃያ አንደኛውን ይጀምራል፤ እናቱ ራት ቀርቧል ብላ ሦስት ጊዜ ብትጠራውም አይሰማም። ወላጆች ይህን ባዩ ጊዜ ልጁን ሰነፍ ይሉታል። ነገር ግን ሃያ ጊዜ ወድቆ ሃያ ጊዜ የሚነሣን ሰው ሰነፍ ማለት እንደ ምን ይቻላል? ትጋቱስ አለው፤ የሚፈስበት ቦይ ግን ወደ እርሻው የሚወስድ አይደለም።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ችግር፣ የሰላም መታጣትም ድርሻ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ቀርቦ፣ መምህሩም ተገኝቶ የልጁ ልብ ካልተነሣ ድካሙ ሁሉ በድንጋይ ላይ እንደ ተዘራ ዘር ይሆናል። ስለዚህ የልብን መነሣት ነገር ከመጻሕፍትና ከወንበር ቍጥር አሳንሶ ማየት አይገባም።

በዘመናችን ይህን ነገር የሚመረምርና የሚሠራበት አንድ ጥበብ ተነሥቷል። የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ጨዋታ ሰውን የሚይዝበትን ምሥጢር ለይተው አውጥተው፣ በትምህርት፣ በጤና ጥበቃና በሥራ ላይ ያውሉታል። ጥበቡ ጌሚፊኬሽን ይባላል፤ ስሙም በዓለም ላይ በሰፊው የተሰማው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ ነው። ምሥጢሩ ከጥቂት ነገሮች የተውጣጣ ነው። ሥራው በትንንሽ ደረጃ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ማንም የሚችለው ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ትክክል መሆኑ ወይም መሳሳቱ ወዲያው ይነገራል፤ የተሳሳተ ሰው ሳያፍር እንደገና ይጀምራል፤ ያደገም ማደጉን በነጥብና በምልክት ያያል። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ ተጫዋቹ የት እንደ ዘገየ፣ የት እንደ ተሰላቸ፣ በየትኛው ሰዓት ትቶት እንደ ሄደ እየመዘገበ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት የሰው ትጋት በምን እንደሚነሣና በምን እንደሚወድቅ ቀድሞ በግምት ይነገር የነበረው አሁን በመዝገብ ሊታይ ተችሏል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ፍሬ ጥቂት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፎልዲት የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አውጥተው ነበር፤ ጨዋታውም ፕሮቲን የሚባለው ረቂቅ አካል እንደ ምን እንደሚታጠፍ መፈለግ ነው። በ2011 ተጫዋቾቹ ተባብረው፣ በጦጣዎች ላይ በሽታ የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን ምን ቅርጽ እንዳለው በሦስት ሳምንት ውስጥ አገኙ፤ ያ ቅርጽ ለሳይንስ ሊቃውንት ከ10 ዓመት በላይ አልፈታ ብሎ የኖረ ነበር። ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ በዚያ ትምህርት ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በመሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር ገበጣ የሚጫወት ብላቴና፣ ማንም የሒሳብ መምህር ሳያስገድደው ጠጠሩ በየትኛው ጉድጓድ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይቈጥራል፤ የባልንጀራውንም ሐሳብ ይመረምራል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት ገበጣ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ እንደየአገሩ ብዙ ዓይነት አጨዋወት እንዳለው አሳይተዋል። ያን ሁሉ ሥርዐት ያቆየው የትምህርት አዋጅ ሳይሆን የሕፃናትና የእረኞች ፈቃድ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር የቅኔ ቤት ነው። አዲስ የገባ ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እንዲቈጥር አይታዘዝም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። እርስዋን ሲችል ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለም ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በነገረ ጊዜ የቤቱ መጕደል፣ የምሥጢሩ መሳት እዚያው ይነገረዋል፤ ለነገም አይቈይለትም። ከመምህሩ በታች አስነጋሪው፣ ከአስነጋሪው በታች ባልንጀሮቹ አሉ፤ ሁሉም ሰምቶ ያመሰግናል ወይም ያርማል። የጨዋታ ፕሮግራም ሠሪዎች ደረጃ፣ ፈጣን ፍርድና ጉባኤ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች በቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራባቸው ኖረዋል።

ነገር ግን በቅኔ ቤት የሌለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለእያንዳንዱ ቅኔ የሚከፈል ዋጋ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቍራሽ ለምኖ የሚማር ተማሪ በቅኔው ቍጥር ልክ ምንም አይቀበልም። ጉባኤው ተፈትቶ፣ መምህሩ ሩቅ ሆኖ ሳለ፣ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነገ የሚነግረውን ይቈጥራል። እንግዲህ የእውነተኛ ትጋት ምልክቱ ይህ ነው፤ ተመልካች በሌለበት ሰዓት ሰውዬው የሚያደርገው።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህንኑ በፈተና አረጋግጠዋል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዴሲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ቁራጭ እየገጣጠሙ ቅርጽ የሚሠሩበት ጨዋታ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ለከፊሎቹ ለፈቱት ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ አንድ ዶላር ከፈሉ፤ ለቀሩት ግን አልከፈሉም። በመጨረሻም ክፍያው ቀርቶ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ ለብቻቸው በተተዉ ጊዜ፣ ተከፍሏቸው የነበሩት ከቀድሞው ይልቅ ጨዋታውን ቸል አሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ማርክ ሌፐርና ባልንጀሮቻቸው ሥዕል መሣል በሚወዱ ሕፃናት ላይ እንዲሁ ፈተኑ። ብትሥሉ የወርቅ ማኅተምና ጥብጣብ ያለበት የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ ተብለው የሣሉት ሕፃናት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በፈቃዳቸው ለሥዕል የሚሰጡት ጊዜ ካልተሸለሙት ጋራ ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወረደ። ሳይነገራቸው ሥለው ከጨረሱ በኋላ በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልጐደለም። ጥፋቱ ሽልማት መሰጠቱ ሳይሆን ሥራው የሽልማት መግዣ መሆኑ ነበር።

ዴሲና ባልደረባቸው ሪቻርድ ራያን ከዚህ ተነሥተው የሰው ልብ በሦስት ነገር እንደሚተጋ አስተምረዋል። አንደኛው በገዛ ፈቃዱ መሥራቱ፣ ሁለተኛው ከትናንት ይልቅ ዛሬ መቻሉን ማየቱ፣ ሦስተኛው ከሚወዳቸውና ከሚያከብሩት ሰዎች ጋራ መሆኑ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚመግብ ፕሮግራም ትጋትን ያሳድጋል፤ ነጥብና ሽልማት ብቻ የሚያዘንብ ግን ለጊዜው ያቀጣጥልና በኋላ አመድ ያደርጋል።

በአገራችንም ለሁለቱም ምሳሌ ታይቷል። የመጀመሪያው በወንጪና በወለንጪቲ የሆነው ነው። በ2004 ዓ.ም. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር፣ በነዚህ ሁለት ስፍራዎች ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት በየስፍራው 20 ያህል ታብሌቶች በካርቶን እንደ ታሸጉ ሰጠ። በውስጣቸው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስተምሩ ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና ሥዕሎች ነበሩ። አስተማሪ አልተላከም፤ ለአዋቂዎች ብቻ በፀሐይ ኃይል መሙላት ተነገራቸው። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየሄደ የመረጃ መያዣውን ካርድ ይለውጥ ነበርና ሕፃናቱ ምን እንደ ነኩና ምን እንደ ተዉ በመዝገቡ ታየ። የማኅበሩ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ ለጉባኤ እንደ ተናገሩት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 ፕሮግራም ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የፊደሉን መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ ማንሻ ራሳቸው ከፈቱት።

ይህ የማኅበሩ ባለቤቶች የተናገሩት ምስክርነት ስለ ሆነ ከመጠን አልፎ ሊመካበት አይገባም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመርም ማንበብ ማለት አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምራል። ሕፃናቱን ማንም አልሸለማቸው፣ ማንም አላስፈራራቸው፤ የተቀበሉት የሚፈታ ነገር፣ የመሞከር ነጻነትና አብሮ የሚሞክር ባልንጀራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምስተር ኮምባት የሚባል የቴሌግራም ጨዋታ በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሥራው በስልኩ መስታወት ላይ ደጋግሞ ጣትን መምታት፣ ነጥብ ማከማቸትና ባልንጀራን መጋበዝ ነበር፤ ተስፋውም ነጥቡ አንድ ቀን ገንዘብ ይሆናል የሚል ነው። ደረጃም፣ ነጥብም፣ ተርታም ነበረው፤ የጨዋታ ጥበብ ሁሉ አልጐደለውም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጠበቀው ገንዘብ በተከፋፈለ ጊዜ ግን ብዙዎች ያገኙት ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ወዲያውም ጨዋታውን ጥለውት ሄዱ። ወራት ሙሉ ከመተኛታቸው በፊትና ከመንቃታቸው በኋላ ጣታቸውን የመቱ ወጣቶች ከዚያ ሁሉ ትጋት አንድ ሙያ እንኳ አልተረፋቸውም። የዴሲ ፈተና በላቦራቶሪ ያሳየውን ይህ ጨዋታ በአደባባይ አሳየ፤ ዋጋው ሲቀር ፍቅሩም ቀረ።

እንግዲህ ነገሩ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይመለከታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ስምምነት፣ በሦስት ዓመት ጊዜ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት ለማሠልጠን ታቅዶ ትምህርት ተጀመረ። ፕሮግራም መጻፍን፣ የአንድሮይድ ሥራን፣ የመረጃ ሳይንስንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያስተምር ሲሆን፣ ለጨረሰም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በአንድ ሩቅ ከተማ ያለ ወጣት ያለ ክፍያ እንዲህ ያለ ትምህርት ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ትልቅ ቍጥር በታቀደበት ስፍራ ሁሉ አንድ ፈተና ይመጣል፤ እርሱም የተመዘገበውን ሰው ቍጥር ከተማረው ዕውቀት ጋራ አንድ አድርጎ መቍጠር ነው።

የኢሉባቦር ሰው ይህን ከቡናው ያውቀዋል። ለቃሚ በሚዛን ክብደት ብቻ የተከፈለው እንደ ሆነ ቅርንጫፉን በእጁ ጨብጦ ይገፈዋል፤ የበሰለው ቀይና ያልበሰለው አረንጓዴ አብረው በቅርጫቱ ይገባሉ። ሚዛኑ ይከብዳል፤ ቡናው ግን ይበላሻል። ለቃሚው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የተቈጠረለት ክብደቱ ስለ ሆነ ነው። የምስክር ወረቀት ብቻ የሚቈጠርለት ወጣትም መልሱን ከባልንጀራው ገልብጦ ወረቀቱን ቢያወጣ፣ የተመዝጋቢ ቍጥር ብቻ የሚጠየቅ ሹምም ስም ዝርዝር ቢያስረዝም ሊያስደንቅ አይገባም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከሚዛኑ ነው። ስለዚህ አለቃ ከበታቹ ሲጠይቅ ስንት ሰው ተመዘገበ ብሎ ማቆም የለበትም፤ ከተማሩት ውስጥ ስንቱ ዛሬ በገዛ እጁ ምን ሠርቶ ያሳያል ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ኢሉባቦር ይህን በጎ ጥበብ ለማዋል የሚያስችል መሠረት አላት። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲ በመካከልዋ አለ፤ መምህራንና የኮምፒዩተር ተማሪዎችም በእርሱ ይገኛሉ። የሚሠራው ፕሮግራም ግን የአገሩን ልጅ የሚያውቅ መሆን አለበት። በዚህ አገር ሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የሚማሩት በኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ የማንበብና የሒሳብ ጨዋታውም በዚያው ቋንቋ ሊዘጋጅ ይገባል፤ ባልገባው ቋንቋ የሚጫወት ሕፃን ቍልፉን ይለማመዳል እንጂ ትምህርቱን አያገኝም። የዋጋ ምሳሌውም ከቡና፣ ከማርና ከበቈሎ ገበያ ቢወሰድ ልጁ ነገሩን ከቤቱ ያውቀዋል።

ደግሞም ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስልክ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። በወንጪ እንደ ታየው ሕፃናት ተሰብስበው በተማሩ ጊዜ አንዱ ላንዱ ያሳያል። ቀድሞ የቻለው ልጅ እንደ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ቢያስጠና፣ ሦስት ልጆች በአንድ መሣሪያ ብቻቸውን ከሚጫወቱ ሦስት ልጆች ይልቅ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል በጠፋበት ቀንም ያው የደረጃ ሥርዐት በወረቀትና በጠጠር ሊሠራ ይቻላል፤ ትጋትን የሚያነሣው የሥራው አደረጃጀት እንጂ የመስታወቱ ብርሃን አይደለምና።

ፕሮግራሙ የሚመዘግበውም መዝገብ ቢሆን በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። ሠላሳ ልጆች አንድ ዓይነት የክፍልፋይ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጨዋታውን ትተው እንደ ሄዱ መምህሩ ከመዝገቡ ቢያይ፣ ነገ ጧት ያንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ ሊያስተምር ይችላል፤ ይህ ትልቅ ረድኤት ነው። ነገር ግን ያው መዝገብ ልጁን በክፍል ፊት ለማሳፈር ወይም መምህሩን ለመቅጣት ከዋለ፣ ልጁ መሳሳትን ይፈራል፤ መሳሳትን የሚፈራም አይሞክርም። የሕፃናት መዝገብ ለነጋዴ መሸጫ እንዳይሆንም ወላጅና አስተዳዳሪ ሊጠብቁት ይገባል። የቅኔ መምህር ተማሪው የተሳሳተውን ያርመዋል እንጂ ለመንደሩ አያውጅበትም።

በመጨረሻም የጨዋታ ሁሉ መለኪያ አንድ ነው። ጥሩ መምህር ተማሪውን አስተምሮ ያሰናብተዋል፤ የተማሪው ከእርሱ ወጥቶ ራሱን መቻል ደስታው ነው። ክፉ ጨዋታ ግን ተጫዋቹን ማሰናበት አይወድም፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲመለስ ያስረዋል። ስለዚህ ለሕፃን የተሰጠ ማናቸውም ፕሮግራም መልካም ወይም ክፉ መሆኑ የሚታወቀው ስልኩ በርቶ ሳለ አይደለም፤ ከተዘጋ በኋላ ነው። ያ በመቱ ማታ ሃያ ጊዜ ወድቆ የተነሣው ብላቴና፣ ስልኩን ለወንድሙ ከመለሰ በኋላ ደብተሩን ስቦ ያቋረጠውን ሦስተኛ ጥያቄ እስኪ ልሞክረው ያለ እንደ ሆነ፣ ጨዋታው መምህር ሆኖለታል። ደብተሩን ገፍቶ ስልኩ እስኪመለስለት በር በሩን የሚያይ ከሆነ ግን ስንት ነጥብ እንደ ሰበሰበ መቍጠር ከንቱ ነው። ወላጅ፣ መምህርና ሹም ሁሉ ይህችን ሰዓት ነቅተው ሊመለከቱ ይገባል።